ቤት ለእንቦሳ

ዩኒቨርሲቲ ውስጥ የእንግሊዝኛ ሥነ ጽሑፍ አስተምር በነበረበት ዘመን በየዓመቱ የሚያስቸግረኝ አንድ ቃል ነበር። እንግሊዞች «ካንትሪ ሃውስ» የሚሉት። አንድ ዓመት «የገጠር ቤት» ብዬ ብተረጉመው ክፍሉ በሳቅ አውካካ። ከኋላ ወንበር አንዱ እጁን አወጣና፣ «መምህር፣ የገጠር ቤት ከሆነማ እኔም የተወለድኩት እዚያ ነው» አለኝ። እውነቱን ነው። ለእኛ የገጠር ቤት ማለት ጎጆ ነው፤ ጭቃ ግድግዳ፣ ሣር ክዳን፣ መሐሉ ላይ ምሰሶ፣ ጥጉ ላይ ጥጃ። ለእነሱ ግን የክፍሉ ብዛት ለባለቤቱም የሚጠፋው፣ ግቢው በጋሻ የሚለካ፣ መኳንንቱ ከለንደን ጫጫታ የሚሸሹበት ግንብ ነው።

ሳቁ የሚቆመው ከጥቂት ሳምንታት በኋላ፣ በ1814 የታተመው የጄን ኦስተን «ማንስፊልድ ፓርክ» ላይ ስንደርስ ነው። (ዓመቶቹን ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ነው የምጠቅሰው።) ፋኒ የምትባል የድሃ ልጅ ሀብታም አክስቷ ቤት ታድጋለች። የምትተኛው ከጣሪያ ሥር ባለች ጠባብ ክፍል ነው። ሌላ የቀን መዋያ ክፍልም አላት፤ ነገር ግን እዚያ ክፍል ምድጃ ውስጥ እሳት አይነድም፤ እንዳይነድ ታዝዟል። ይኼን ለተማሪዎቼ ማብራራት አያስፈልገኝም ነበር። ስንቶቹ ናቸው አዲስ አበባ ዘመድ ቤት ተጠግተው የተማሩት! ምድጃ የሌለበት ክፍል ምን እንደሆነ ከኔ ይልቅ እነሱ ያውቁታል።

ይህ ሁሉ ትዝ ያለኝ ከጥቂት ዓመታት በፊት ከእነዚያ ቤቶች አንዱን በዓይኔ ባየሁበት ቀን ነው። ኦስቦርን ይባላል። ከእንግሊዝ ደቡብ፣ ዋይት በምትባል ደሴት ላይ፣ ንግሥት ቪክቶሪያና ባለቤቷ ልዑል አልበርት ለራሳቸው ያሠሩት ቤት ነው። የወሰደኝ ግን የንግሥቲቱ ነገር አልነበረም። ልዑል ዓለማየሁ ነው። የሰባት ዓመቱ የቴዎድሮስ ልጅ፣ መቅደላ በወደቀ በጥቂት ወራት ውስጥ፣ በ1868 በጋ ንግሥቲቱ ፊት የቀረበው እዚያ ቤት ነው። አባቱ መቅደላ ላይ ሞተዋል፤ እናቱ እቴጌ ጥሩወርቅ ከአገር ሳይወጡ መንገድ ላይ ሞተዋል። ይዞት የሄደው እኛ ባሻ ፈለቀ ያልነው ሻምበል ስፒዲ ነው። ያ ሕፃን የገባበትን በር ማየት ፈለግሁ፤ ሌላ ምክንያት አልነበረኝም።

ለንደን የምትኖረው የእኅቴ ልጅ ይዛኝ ሄደች። በባቡር እስከ ሳውዝሃምፕተን፣ ከዚያ በመርከብ አንድ ሰዓት ያህል። የመግቢያውን ዋጋ ልትነግረኝ አልፈለገችም። «ወደ ብር መንዝረህ ቀኑን ሙሉ እንዳታዝን ብዬ ነው» አለችኝ።

ቤቱ ከሩቅ ሲያዩት እንግሊዛዊ አይመስልም። ሁለት ረጃጅም ማማዎች፣ ጠፍጠፍ ያለ ጣሪያ፣ ቅስት መስኮቶች፣ ወደ ባሕሩ በእርከን በእርከን የሚወርድ የአትክልት ቦታ። ጣሊያን አገር የተሠራ ነው የሚመስለው፤ ደግሞም እንዲመስል ተፈልጎ ነው። ጀርመን የተወለደው አልበርት ከኮረብታው ላይ ሆኖ ባሕሩን ባየ ጊዜ የናፖሊን የባሕር ዳርቻ አስታወሰው። ቦታውን በ1845 ገዙ፤ የነበረውን ቤት ጠበበን ብለው አፈረሱ፤ አዲሱ ግንባታ እስከ 1851 ቆየ። ቀድሞ ባሕር ዳር የነበራቸው ቤተ መንግሥት ብራይተን ከተማ መሐል ነበር፤ ንግሥቲቱ በወጣች ቁጥር ሕዝቡ ይከባታል። በ1850 ለከተማው ሸጠችው። የፈለገችው ቤተ መንግሥት አልነበረም። ቤት ነበር።

ሥራውንም ለስመ ጥር አርክቴክት አልሰጡትም። ቶማስ ኪውቢትን ነው የጠሩት፤ በአናጢነት ጀምሮ የለንደንን የሀብታም ሰፈሮች የገነባ ሥራ ተቋራጭ። አልበርትና ኪውቢት አንድ ላይ ሆነው ንድፉን አወጡ። ድንጋይ የሚመስለው ግድግዳ ድንጋይ አይደለም፤ ጡብ ነው፤ ድንጋይ እንዲመስል በሲሚንቶ ተለስኖ ነው። (የአዲስ አበባ ሰው ይኼን ብልሃት የፈለሰፍነው እኛ ይመስለናል።) ወለሎቹ እሳት እንዳይበላቸው በብረት ተሸካሚዎች ላይ በተደገፉ የጡብ ቅስቶች ተሠርተዋል። በፎቅና በፎቅ መካከል ደግሞ ድምፅ እንዳያልፍ የባሕር ዛጎል ተሞልቷል። ብዙ ልጅ ሊያድግበት የታሰበ ቤት እንደሆነ ይኼን የሰማ ሰው ወዲያው ይገባዋል።

በ1846 መስከረም ላይ የመጀመሪያው ክፍል አልቆ ቤተሰቡ ሲገባ ከንግሥቲቱ ደንገጡሮች አንዷ፣ የስኮትላንድ ልጅ፣ አሮጌ ጫማ ከኋላዋ ወረወረችባት። ለገድ ነው። እኛ «ቤት ለእንቦሳ» እንላለን፣ እነሱ ጫማ ይወረውራሉ። የትም ብትሄዱ ሰው አዲስ ቤት ሲገባ ይፈራል፤ ባዶ ክፍል መልካም ቃል ካልተነገረበት ምን እንደሚገባበት አይታወቅማ!

አሁን ወደ ውስጥ እንግባ። የቤት ሥራ ቋንቋችን ለዚህ ቤት የተፈጠረ ነው የሚመስለው፤ አዳራሽ አለ፣ እልፍኝ አለ፣ ጓዳ አለ። እንግዳ የሚገባው ምድር ቤት ነው። የመመገቢያው ክፍል፣ የእንግዳ መቀበያውና ቢሊያርድ የሚጫወቱበት ክፍል (የኛው የከረንቡላ ዘመድ) ደረጃውን በሦስት ጎን ከበው እንደ ቀለበት ይታጠፋሉ። በእንግዳ መቀበያውና በቢሊያርዱ ክፍል መካከል ግድግዳ የለም፤ አምዶች ብቻ ናቸው ያሉት። እኔ ለውበት መስሎኝ ነበር። ምክንያቱን ሳውቅ ግን ቆሜ ቀረሁ። በሥርዓቱ መሠረት ንግሥቲቱ ባለችበት ክፍል ውስጥ አጃቢዎቿ መቀመጥ አይችሉም። እሷ ምሽቱን ሙሉ ተቀምጣ ስታወራ እነሱ ቆመው ያመሻሉ። ክፍሉ ሲታጠፍ ግን ከማዕዘኑ ወዲያ ያሉት «እሷ ባለችበት» ናቸው፤ እሷ ግን አታያቸውም። ስለዚህ ይቀመጣሉ!

እስቲ ይኼን አስቡት። ሥርዓቱን መሻር አልተቻለም፤ ሥርዓቱ የሚያደክመውን ሰው ግን ለማሳረፍ ተፈለገ። አናጢውና ልዑሉ ተማክረው ግድግዳ አጠፉ። ሕንፃ እንዲህ ደግ ሊሆን ይችላል። ከዚያ ቀን ጀምሮ ስለ ቤት ሳስብ መጀመሪያ የምጠይቀው «ስንት ክፍል አለው?» ብዬ አይደለም፤ «ማን የት መቀመጥ ይችላል?» ብዬ ነው።

ወደ ላይ ሲወጡ የባልና ሚስቱ መኖሪያ ነው። መቀመጫ ክፍላቸው ውስጥ ሁለት የጽሕፈት ጠረጴዛዎች ጎን ለጎን ተጋጥመው ቆመዋል። ግማሽ ዓለም የሚገዛበት ደብዳቤ የሚፈረመው ባልና ሚስት ክርን ለክርን ተነካክተው ነው። የንግሥቲቱ ገንዳና ሻወር የቁም ሣጥን በሚመስሉ በሮች ጀርባ ተደብቀዋል። ከዚያ በላይ ያለው ፎቅ የልጆቹ ነው፤ በቀጥታ ከእናትየው ክፍል በላይ። በትልልቆቹ ቤቶች ልጆች ከወላጅ ርቀው በሚያድጉበት ዘመን ይህ ቀላል ነገር አልነበረም። በቤቱ ውስጥ ደግሞ የሕፃናቱ እጆችና እግሮች በእብነ በረድ ተቀርጸው፣ በከፋይ ትራስ ላይ ተቀምጠው፣ በመስታወት ተሸፍነዋል። የእኅቴ ልጅ «ያስፈራል» አለች። እኔ አልፈራሁም። ልጆቿ እንዳያድጉባት የፈለገች እናት ነው የታየችኝ።

ከዋናው ቤት ጫፍ ላይ «ደርባር» የሚባል አዳራሽ ተቀጥሏል። ንግሥቲቱ ከ1876 ጀምሮ የሕንድ ንግሥተ ነገሥታት ተብላለች፤ ሕንድን ግን በሕይወቷ አላየቻትም። ስለዚህ ሕንድ ራሷ መጣችላት። ከላሆር የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ብሃይ ራም ሲንግ የሚባል ከአናጢ ወገን የተወለደ ባለሙያ ተጠርቶ በ1890ዎቹ መጀመሪያ አዳራሹን አስጌጠ። ጣሪያውና ግድግዳው በጀሶና በተላቆጠ ወረቀት የተሠራ ነጭ ጥልፍ ነው። ከምድጃው በላይ አንድ ጣዎስ ጭራውን ዘርግቷል። እንደዚያ ያለ የእጅ ሥራ አይቼ አላውቅም። ወደ አዳራሹ በሚወስደው ኮሪደር ደግሞ የሕንዳውያን ሥዕሎች ተደርድረዋል። ከሁሉ የሚበልጠው የዱሊፕ ሲንግ ነው፤ እንግሊዞች በ1849 በልጅነቱ ከፑንጃብ ዙፋን ያወረዱት፣ ከዚያም ንግሥቲቱ ወድዳ ኦስቦርን እየጋበዘች ከልጆቿ ጋር ያጫወተችው ልጅ። ዓለማየሁ የመጀመሪያው አልነበረም ማለት ነው። ከፊቱ ሌላ አባቱን ያጣ፣ ዘውዱን የተቀማ፣ «እንዴት ያምራል!» የተባለ ልጅ በዚያ ቤት አልፏል። እሱ ሥዕል ሆኖ ግድግዳ ላይ ቀርቷል።

ይኼ ነገር ሆዴን ባር ባር አለው። ቤቱ ለሩቅ አገር ቦታ አለው፤ እንዲያውም አንድ ሙሉ ክንፍ። ግን የሩቅ አገር ጌጥ ሆኖ ሲመጣ ነው። ልጅ ሆኖ ሲመጣስ?

መልሱን ያገኘሁት ቤቱ ውስጥ አይደለም፤ ግቢው ውስጥ ነው። ከዋናው ቤት ራቅ ብሎ በ1854 ያለቀ፣ የስዊስ ቤት የሚባል የእንጨት ቤት አለ። የተሠራው ለልጆቹ ነው። ልጃገረዶቹ እዚያ በልካቸው በተሠራ ወጥ ቤት ምግብ ማብሰል ይማራሉ። ሁሉም የየራሳቸው የአትክልት መደብ ነበራቸው፤ ያመረቱትን አባታቸው በገበያ ዋጋ ይገዛቸዋል። የየራሳቸው መቆፈሪያና ባለ አንድ ጎማ የእጅ ጋሪም ነበራቸው። ጋሪዎቹ አሁንም አሉ። ትንንሽ ናቸው። በየጋሪው ላይ የባለቤቱ ስም የመጀመሪያ ፊደል ተጽፏል።

እኔም ሞኝ ሆኜ «ኤ» ፊደልን ፈለግሁ። አለ! የንግሥቲቱ ልጆች አሊስ፣ አልፍሬድ፣ አርተር ይባላሉና «ኤ» አይጠፋም። የእኛም ልጅ ስም በእነሱ አጻጻፍ በዚያው ፊደል ይጀምራል። ጋሪው ግን የእሱ አይደለም።

ፍርደ ገምድል መሆን አልፈልግም። ዓለማየሁ ሲመጣ የንግሥቲቱ ልጆች አብዛኞቹ አድገዋል፤ ጋሪዎቹም ከተሠሩ ዓመታት አልፏቸዋል። ንግሥቲቱም ለልጁ ታዝን እንደነበር የዕለት ማስታወሻዋ ይመሰክራል። ያው እንግዳ በመጀመሪያው ቀን ወርቅ ነው። በዚያው ደሴት ፍሬሽዋተር ላይ ጁሊያ ማርጋሬት ካሜሮን የምትባለው ታላቅ ፎቶ አንሺ ከስፒዲ ጋር አነሣችው፤ ፎቶዎቹ ዛሬም አሉ፤ ልጁ በአንዱም አይስቅም። ሌሊት ብቻውን መተኛት ይፈራ ነበር። ያለ ስፒዲ አይሆንለትም። ከዚያ ግን መንግሥት «ትምህርቱ ይበልጣል» ብሎ ከስፒዲ ለየው። ከአንድ ሰው ቤት ወደ ሌላ ሰው ቤት ሄደ፤ ከትምህርት ቤት ኃላፊ ቤት ወደ አስጠኚ ቤት። ቼልተናም፣ ራግቢ፣ ሳንድኸርስት። በ1879 ሊድስ ከተማ፣ በአስጠኚው ቤት፣ በ18 ዓመቱ ሞተ።

ሁሉም በየቤቱ በልቷል፣ ለብሷል፣ ተምሯል። የትኛውም ፕላን ላይ ግን «የዓለማየሁ ክፍል» ተብሎ አልተሰመረም። ንግሥቲቱ ባዘዘችው መሠረት ዊንዘር፣ በቅዱስ ጊዮርጊስ ጸሎት ቤት ተቀበረ። በ2007 የኢትዮጵያ ፕሬዚዳንት አጽሙ እንዲመለስ ጠይቀው ነበር። በ2023 የልጁ ወገኖች ጥያቄ እንደገና ሲቀርብ ቤተ መንግሥቱ የሌሎቹን ሙታን ዕረፍት ሳያውኩ ማውጣት የሚቻል አይመስለንም አለ። በዚያው ዓመት የተመለሰልን ትንሽ ዘለላ ፀጉሩ ነው። በሕይወቱ የራሱ ክፍል ያልነበረው ልጅ፣ ሞቶ ከተሰጠው ክፍል መውጣት ከለከሉት።

ኦስቦርንስ ምን ሆነ? ንግሥቲቱ ጃንዋሪ 22 ቀን 1901 እዚያው ሞተች። ቤቱ ከቤተሰቡ እንዳይወጣ ተናዛ ነበር። ልጇ ኤድዋርድ ሰባተኛ ግን በ1902 ለሕዝብ ሰጠው። ከፊሉ የታመሙ መኮንኖች ማገገሚያ ሆነ፤ በግቢው እስከ 1921 የባሕር ኃይል ትምህርት ቤት ነበረ። ዛጎል በወለሉ ተሞልቶ፣ ስም በጋሪው ተጽፎ፣ እግር በእብነ በረድ ተቀርጾ ያደገበት ልጅ ቤቱን አልፈለገውም። ቤት የማግኘትም የመጣልም መብት ያለው ልጅ ነው። እንግዳ ምኑን ይጥላል?

ስንመለስ መርከቡ ላይ የእኅቴ ልጅ «ምነው ዝም አልክ?» አለችኝ። ነፋሱ ነው አልኳት። ነፋሱ አልነበረም።

የዛሬ ሃያ አምስት ዓመት ግድም ቤት ስንሠራ ፕላኑን የነደፈልን ወጣት «ሰርቪሱን የት ላድርገው?» ብሎ ጠየቀኝ። «ከኋላ» አልኩት። ሳላስብ ነው። ሰርቪስ ከኋላ ካልሆነ የት ሊሆን ነው? ቤቱ አልቆ በገባን በሁለተኛው ዓመት አባቱ የሞተበት የባለቤቴ ዘመድ ልጅ ከገጠር መጣ። ዘጠኝ ዓመቱ ነበር። ትምህርት ቤት አስገባነው፣ አለበስነው፣ ሲያመው ሐኪም ቤት ወሰድነው። የተኛው ሰርቪስ ነው፤ ከጤፍ ጆንያውና ከልጆቼ አሮጌ ብስክሌት ጋር። ዋናው ቤት ውስጥ ለእንግዳ ብለን የዘጋናት አንዲት ክፍል ነበረች። በዓመት ሁለት ጊዜ ብትከፈት ነው። ልጁ ክፉ አልሠራንበትም። ሰው ሲጠይቀን «እንደ ልጃችን ነው» እንል ነበር። ሥነ ጽሑፍ ያስተማርኩ ሰው ነኝ፤ ያቺ «እንደ» የምትባል ቃል ምን እንደምትሠራ ማወቅ ነበረብኝ። ልጆቼ «አንተ» ይሉኛል። እሱ ከዘጠኝ ዓመቱ ጀምሮ «እርስዎ» ነው የሚለኝ። ጨዋነቱን ለሰው ሁሉ እያወራሁ እመጻደቅ ነበር።

ዛሬ ትልቅ ሰው ነው። ሒሳብ ሠራተኛ ነው፤ ሚስት አግብቶ ወልዷል። ከዚያ ጉዞ በተመለስኩ በጥቂት ወራት የኮንዶሚኒየም ቤቱን ገብቶ ጠራን። ሦስተኛ ፎቅ ነው። ደረጃውን ወጥቼ በሩ ላይ ስደርስ እየተነፈስኩ «ቤት ለእንቦሳ!» አልኩ። «እንቦሳ እሰሩ፣ ጋሼ! ይግቡ፣ ይግቡ» አለ።

ቤቱን አዞረኝ። ለማዞር ረጅም ጊዜ አይወስድም። «ሰርቪስ የለውም እንግዲህ» አለኝ እየሳቀ። የመጨረሻውን ክፍል ሲከፍት ተደራራቢ አልጋ አየሁ። ታችኛው የልጁ ነው። የላዩ፣ በዚያው ሰሞን ከገጠር ያመጣው የታናሽ እኅቱ ልጅ ነው፤ ትምህርት ሊገባ። ቁም ሣጥኑ ሁለት በር አለው። በየበሩ ላይ በማርከር፣ በልጅ እጅ ጽሕፈት፣ አንድ አንድ ስም ተጽፏል። «ይኼው ገና በአዲስነቱ አበላሹት» አለኝ።

ሳሎን ተመለስን። ትልቁን ሶፋ እያሳየ «እርስዎ ከዚህ ይቀመጡ» አለኝና እሱ ራሱ በሩ አጠገብ ያለችውን ትንሽ ወንበር ስቦ ተቀመጠ። በገዛ ቤቱ። «አንተ በለኝ» ልለው ፈልጌ ነበር። ቡናው መጣና ዝም አልኩ።